የድሮ የኢትዮጵያ ቴምብሮችን ስለመለየት፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከምኒልክ እስከ ጃንሆይ ዘመን ያሉትን የኢትዮጵያ ቴምብሮች መሰብሰብ ከጀመርኩ ከሃያ አመት በላይ ሆኖኛል። ሰው ፎቶ ልኮ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ስንት ያወጣል?" ብሎ ነው፣ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንለየው እላለሁ፣ ምክንያቱም ቁጭ አንድ የሚመስሉ ሁለት ቴምብሮች አንዱ ውድ ሌላኛው ተራ ሊሆን ይችላል፣ ልዩነቱ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከምስሉ ሳይሆን ከጠርዙና ከጀርባው ነው። ካታሎጎቹ (ቴምብሮችን በየእትማቸው የሚዘረዝሩት መጽሐፎች) በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሄዱ እኔም አመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ አጼ ምኒልክ ያሉበት ቴምብር አለኝ። የመጀመሪያው እትም መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የመጀመሪያው የ1894 ነው፣ ፓሪስ ነው የታተመው፣ ሰባት አይነት ነው። አራቱ ትንንሽ ዋጋ ያላቸው (ሩብ፣ ግማሽ፣ 1 እና 2 ግርሽ) የምኒልክ ምስል አላቸው፣ 4፣ 8 እና 16 ግርሹ ላይ ያለው አንበሳው ነው። በ1909 የወጣው ሌላ እትም ላይም ምኒልክ ስላሉበት ሰው ይምታታበታል፣ እሱ ግን ትንንሾቹ ዋጋዎች ላይ የሰለሞን ዙፋን ነው ያለበት። ከተጠራጠርክ የጠርዙን ጥርስ ቁጠር፣ የ1894ቱ 14 በ13½ ነው የ1909ኙ 11½ ነው፣ ይሄ ብቻውን ለመለየት ይበቃል። አንድ ነገር ልጨምር፣ የ1894ቱ ማህተም ያላረፈበት ንጹህ ከሆነ ብዙ ተርፎ ስለተሸጠ እንደ እድሜው ውድ አይደለም። "130 አመት የሞላው ነው" ብሎ ትልቅ ዋጋ የሚጠራባችሁ ሰው ካለ ቀስ በሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጥርስ ቁጠር ሲባል የሙሉውን ጠርዝ ነው እንዴ?

አይደለም የኔ ልጅ። በ2 ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ሁለት ቁጥር ካየህ የመጀመሪያው የአግድሙ ሁለተኛው የቁመቱ ነው። መለኪያው ርካሽ ነው፣ ከሌለህ በማስመሪያ 2 ሴንቲ ለክተህ በማጉያ መነጽር ቁጠረው፣ ለጀማሪ ይበቃል።

ጥያቄ፦ "ቦስታ" የሚል ማህተም የተደረበበት የምኒልክ ቴምብር በቅናሽ አገኘሁ። ልግዛው?

እህቴ እዚህ ጋ በደንብ እንቆይ፣ ሰው በብዛት የሚታለለው በዚህ ነውና። የ1894ቱ ቴምብር በኋላ ላይ በእጅ ማህተም እየተደረበበት ነው የወጣው፣ በ1901 "ኢትዮጵያ" በላቲን ፊደል፣ በ1902 "ቦስታ" (ፖስታ ለማለት ነው)፣ በ1903 ደግሞ መልእክት ለማለት የተጻፈው፣ ከዛ በ1905 የሳንቲም ዋጋ። ታዲያ ከስር ያለው ቴምብር ርካሽ ነው ተደራቢው ነው ውድ የሚያደርገው፣ ስለዚህ አስመሳዮች እውነተኛ ቴምብር ላይ የውሸት ማህተም ይመቱበታል። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ከአንድ ሱቅ ሙሉ ስብስብ ገዝቼ አንዱም እውነተኛ ሆኖ አልተገኘም፣ ያሳለፍኩት ሀዘን ዛሬም አይረሳኝም። በማጉያ ስታይው መጀመሪያ የቀለሙን ቅደም ተከተል እይ፣ ፖስታ ቤቱ የመታው የቀን ማህተም ካለ ከተደራቢው በላይ መሆን አለበት፣ ተደራቢው ከቀን ማህተሙ በላይ ካረፈ በኋላ የተጨመረ ነው። ቀጥሎ የፊደሎቹን ቅርጽ እውነተኛ መሆኑ ከተረጋገጠ ጋር አስተያይ፣ የ"ቦ" እና የ"ስ" እግር ብቻ ብዙ ይናገራል። ከዛ በኋላም ቢሆን ውድ ከሆነ በባለሙያ ተመርምሮ የምስክር ወረቀት የሌለውን አትግዢ። በቅናሽ ነው ያልሽኝ ራሱ አሳስቦኛል።

ጥያቄ፦ ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስ ያለባቸው ቆንጆ ቆንጆ ቴምብሮች አሉኝ። አንዳንዶቹ ምስላቸው ተገልብጧል፣ ሀብታም ሆንኩ?

እሱ የ1919ኙ ነው፣ ስዊዘርላንድ በርን የታተመው፣ እንስሳቱ ከራስ ተፈሪና ከንግስት ዘውዲቱ ጋር የወጡበት። በውበት ከሁሉም የምወደው እትም ነው። ችግሩ በኋላ እንደገና ታትሟል፣ የድጋሚ ህትመቱ በጣም ርካሽ ነው፣ የተገለበጠና ጥርስ የሌለውም ከዛው ይወጣል። አገላብጠህ ሙጫውን እይ፣ የመጀመሪያው ነጭና ለስላሳ ነው፣ ድጋሚው ቡናማ ሆኖ ሰያፍ ስንጥቅ ስንጥቅ ይላል። ሙጫው ቡናማ ከሆነ ለውበቱ አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ነኝ። አያቴ ከሐረር የተላከ የድሮ ደብዳቤ ትተውልኛል፣ የኢትዮጵያም የጅቡቲም ቴምብር አንድ ላይ ተለጥፎበታል። ውሀ ውስጥ ነክሬ ላላቅቀው?

ወንድሜ በፈጠረህ እንዳትነካው! ኢትዮጵያ የአለም ፖስታ ህብረት አባል የሆነችው በ1908 ነው፣ ከዛ በፊት የኛ ቴምብር ብቻውን ውጭ አገር አያደርስም ነበር፣ ስለዚህ ደብዳቤው በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳዮቹም ቴምብር ይለጠፍበታል። ሁለቱ አንድ ላይ ከነማህተማቸው ያሉበት ፖስታ ነው ዋናው ሀብት፣ ከተላቀቁ ሁለት ተራ ቴምብር ነው የሚሆኑት። መቀስም እንዳታስጠጋው፣ ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንስተህ ፀሀይ የማይደርስበት ደረቅ ቦታ አስቀምጠው። የመድረሻ ማህተም ከጀርባው ካለ ቀኑን አንብበህ ላክልኝ፣ በጣም ማየት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ ቪክቶር ኢማኑኤል ያለበት "ኤትዮፒያ" የሚለውስ?

የ1936ቱ የጣሊያን ወረራ ነው። ካታሎግ ውስጥ ለብቻው ነው የሚቀመጠው።

ጥያቄ፦ አመት ያልተጻፈበትን ቴምብር ዘመኑን በፍጥነት ለመገመት መንገድ አለ?

አለ፣ ገንዘቡን አንብብ። ግርሽ ከመጀመሪያው ጀምሮ አለ (16 ግርሽ አንድ ጠገራ ብር ነበር)፣ የተደረበ ሳንቲም ከሆነ 1905 አካባቢ፣ የተደረበ ፒያስተር ከሆነ 1908። መሐለቅና ታላሪ ካየህ ከ1928 ወዲህ ነው። ከ1936 ጀምሮ ሳንቲም ይመጣል፣ ከ1946 በኋላ በፈረንጅኛው ዶላር ይባል ነበር፣ በአማርኛ ግን እኛ ያኔም ብር ነው የምንለው።

ጥያቄ፦ የጃንሆይ የ1942 ቴምብር ሁለት አለኝ፣ ምንም ልዩነት አይታየኝም።

"ሳንቲም" የሚለውን በላቲን የተጻፈበትን እይው። በትንንሽ ፊደል ከሆነ መጀመሪያ በመጋቢት የወጣው ነው፣ 4፣ 10 እና 20 ሳንቲም ብቻ ነው ያለው። ሁሉም በትልልቅ ፊደል ከሆነ ቀጥሎ የመጣው ነው። ብዙ ሰው ሳያውቅ አንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል።

ጥያቄ፦ የአውሮፕላን ስእል የተደረበበት የራስ ተፈሪና የዘውዲቱ ቴምብር አለኝ፣ ስእሉ ተዘቅዝቋል።

ይሄ የነሐሴ 1929 መታሰቢያ ነው፣ አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባበት፣ በኛ ነሐሴ 11 ቀን 1921። የዛን ሰሞን ተደራቢዎች የተዘቀዘቀም ሁለቴ የተመታም ይገኝባቸዋል፣ አስመሳዩም አለ፣ ስለዚህ ለ"ቦስታ" ያልኩትን ምርመራ እዚህም አድርግ። ፎቶውን ስትልክ በስካነር አድርገው፣ በስልክ ከሆነ ቀለሙ ይለወጥብኛል፣ ጀርባውንም አትርሳ።