ስለ ቅዳሜው የኦሃዮ ስቴትና የሚሽጋን ጨዋታ ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ከአትላንታ ወደ ኮሎምበስ ከመጣሽ ገና ዓመትሽ ነው። ልጅሽ ዘንድሮ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ቅዳሜ ኅዳር 21 (ኖቬምበር 30፣ 2024) ከሚሽጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ያለውን የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ስታዲየም ገብተሽ እንድታዪ ለምኖሻል። «ማን ያሸንፋል? ትኬቱስ ይህን ሁሉ ገንዘብ ያወጣል?» ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽ ሰዎች «ኦሃዮ ይጠርጋቸዋል፣ ቲቪሽን ከፍተሽ ተደሰቺ» ብለው አልፈዋል። እኔ አልስማማም። እዚህ ከተማ ታክሲ ስነዳ ነው የኖርኩት። ይህን ጨዋታ ውስጥ ገብቼም አይቼዋለሁ፣ ውጭ ቆሜ ተሳፋሪ ስጠብቅ ጩኸቱን ሰምቼም ውጤቱን አውቄዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጨዋታው። ወረቀት ላይ ካየሽው የሚያከራክር ነገር የለውም። ኦሃዮ ስቴት 10 አሸንፎ አንድ ብቻ ነው የተሸነፈው፣ እሱም ኦሪገን ሜዳ ላይ 32 ለ31። ባለፈው ቅዳሜ ያልተሸነፈውን ኢንዲያናን 38 ለ15 ሸኝቶታል። ሚሽጋን 6 አሸንፎ 5 ተሸንፏል። አምና የአገሪቱ ሻምፒዮን ነበር፤ ዘንድሮ ግን አሰልጣኙ ጂም ሃርቦ ወደ ኤንኤፍኤል፣ ወደ ፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ሄዷል፣ ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው) ማካርቲም ሄዷል፣ ሯጩ ብሌክ ኮረምም የለም። አወራራጆቹ ኦሃዮ በ20 ነጥብ ገደማ ይበልጣል ይላሉ።

እኔ ግን ይህን 20 ነጥብ አላምነውም። በ2021 ሚሽጋን 42 ለ27 አሸነፈ። በ2022 እዚሁ ኮሎምበስ መጥቶ 45 ለ23። በ2023 ደግሞ 30 ለ24። ኦሃዮ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው በ2019 ነው፤ የ2020ው በኮቪድ ተሰረዘ። አሰልጣኙ ራያን ዴይ ሌላውን ሁሉ እያሸነፈ ከሚሽጋን ጋር አንድ አሸንፎ ሦስት ተሸንፏል። እዚህ ቤት ሚሽጋንን ያሸነፈ ተጫዋች ሁሉ በሱሪ ቅርጽ የተሠራች ትንሽ የወርቅ ጌጥ ይሸለማል። ልማዱ ከ1934 ጀምሮ አለ። ዘንድሮ የሚመረቁት ብዙዎቹ ልጆች ያቺን ጌጥ በእጃቸው ነክተዋት አያውቁም። ወደ ኤንኤፍኤል መሄድ እየቻሉ አንድ ዓመት የቀሩት ለዚህች ጨዋታ ጭምር ነው። ስለዚህ ውጥረቱ ያለው በኦሃዮ ልጆች ላይ ነው። ሚሽጋን የሚያጣው ነገር የለም። ጊዮርጊስና ቡና ሲገናኙ የደረጃ ሰንጠረዡን ማን ያያል? እንደዚያ ነው።

ሕጉን ልጅሽ ያስረዳሽ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ፦ ኳሱን አትከተዪ፣ መሃሉን እዪ። ከኦሃዮ ኳርተርባክ ከዊል ሃዋርድ ፊት የሚቆሙት አምስት ግዙፍ ልጆች ናቸው። ከነሱ ሁለቱ የሉም። የግራ ጠርዙን የሚይዘው ጆሽ ሲመንስ ኦሪገን ላይ ጉልበቱ ተጎዳ። መሃል ላይ ኳሱን የሚያቀብለው ሴት ማክላውክሊን ደግሞ በዚህ ወር ልምምድ ላይ የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ። ከፊታቸው የሚቆሙት የሚሽጋኖቹ ሜሰን ግሬሃምና ኬኔት ግራንት እያንዳንዳቸው ከ300 ፓውንድ በላይ ናቸው፣ ግን እንደ ቀጭን ልጅ ይንቀሳቀሳሉ። ኦሃዮ ጉልበቱን ላሳይ ብሎ ሯጮቹን ሄንደርሰንንና ጀድኪንስን በመሃል እየላከ ከተጋፋ፣ ጨዋታው ሚሽጋን እንደሚፈልገው ሆነ ማለት ነው። ነጥብ ያንሳል፣ ሰዓቱ ይሮጣል፣ ስታዲየሙ ዝም ይላል።

መፍትሔው ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሟል። ጀረማያ ስሚዝ ይባላል፣ የተወረወረውን ኳስ የሚይዝ፣ 4 ቁጥር። ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው፣ እንደ ልጅሽ። በጀማሪ ተጫዋች የተያዙትን የትምህርት ቤቱን ሪከርዶች ከወዲሁ ሰብሯል። ኤሜካ ኤግቡካም ከሌላው ጎን አለ። የሚሽጋን ምርጡ ኮርነርባክ (ኳስ ያዦቹን ጠርዝ ላይ የሚከላከል) ዊል ጆንሰን ተጎድቶ ከወጣ ሰንብቷል። ታዲያ ወደ ጠርዝ መወርወር ሲቻል መሃል ላይ ምን ይሠራል? ይህን ለተሳፋሪዎቼ ሁሉ ስናገር ሰነበትኩ።

የሚሽጋን አጥቂ ደካማ ነው። በመስከረም የካሊፎርኒያውን ዩኤስሲ ያሸነፉት በአጠቃላይ 32 ያርድ ብቻ ወርውረው ነው። ግን አሸነፉ! ሯጫቸው ካሌል ማሊንግስ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ሲገባ ሦስት ሰው ይዞ ይሄዳል። ዝቫዳ የሚባለው መቺያቸው ከ50 ያርድ በላይ ያስገባል። በዝቅተኛ ነጥብ ለሚያልቅ ጨዋታ ይኸው ይበቃል። ኳርተርባኩ ዴቪስ ዋረን ልጅነቱ ላይ የደም ካንሰር ይዞት የዳነ ልጅ ነው፤ ተቃራኒ ቡድን ቢሆንም አከብረዋለሁ።

ብርዱን አትርሺ። ትንበያው ከበረዶ ነጥብ በታች ነው። በ1950 እዚሁ ስታዲየም በበረዶ ውሽንፍር ሲጫወቱ ሚሽጋን አንድም ፈርስት ዳውን (በአራት ሙከራ 10 ያርድ መግፋት) ሳያገኝ 9 ለ3 አሸንፎ ሄዷል። ብርድ ደካማውን አጥቂ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳውም። የኔ ግምት ኦሃዮ ያሸንፋል፣ ግን ከ10 ነጥብ በላይ አይበልጥም። ጠርዙን ከተዉት ደግሞ እሱንም አልፈርምም።

ሁለተኛ፣ ስለ ትኬት። እባክሽ ይህን በደንብ አንብቢ። የልጅሽ ትኬት የተማሪ ነው፣ የተማሪ መታወቂያ ይጠይቃል። ስለዚህ ላንቺ ሌላ መግዛት አለብሽ፣ አጠገቡም አትቀመጪም። ትኬቱ በስልክ ብቻ ነው። አንድ ሰው የስክሪን ፎቶ ልኮ «ይኸው ትኬትሽ» ካለሽ ገንዘብሽን በላው ማለት ነው።

ፎቶውን ያልላኩትም ይበላሉ። በ2022 የእህቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። ሃይስኩል ላይንባከር (ከፊት መስመሩ ኋላ ቆሞ የሚከላከል) ነው የሚጫወተው፣ አሰልጣኞቹ የሚኮሩበት ልጅ ነው። ይህን ጨዋታ ላሳየው ብዬ ከአንድ ትልቅ የድጋሚ መሸጫ ድረ ገጽ ሁለት ትኬት ገዛሁ። ገንዘቡን ወዲያው ወሰዱ። ትኬቱ ግን «በቅርቡ ይላካል» እንዳለ ቀረ። የታንክስጊቪንግ ማታ፣ ሰው ገበታ ላይ እያለ፣ መልእክት መጣ፦ ሻጩ ትኬቱን ማቅረብ አልቻለም። ሻጩ ለካ መጀመሪያውኑ ትኬት አልነበረውም! ዋጋው ሲወርድ ገዝቶ ሊያቀብለኝ ነበር ያሰበው፤ ዋጋው ሲወጣ ጥሎኝ ሄደ። ደወልኩ። ሙዚቃ አስደመጡኝ፣ አስደመጡኝ፣ በመጨረሻ አንዷ አነሳች። «ለወደፊት የሚሆን ክሬዲት እንሰጥሃለን» አለችኝ። ወደፊት ምን ያደርግልኛል? ልጁ እሁድ ይመለሳል። ገንዘቤን በጥሬው መልሱ ስላት «ውሉን አንብብ» ብላ ዘጋችው። አነጋገሬን ሰምታ ዝም የሚል ሰው መስያት ይሆናል።

ዝም አላልኩም። የከፈልኩበትን፣ «ይላካል» የሚለውን፣ የስረዛውን መልእክት ሁሉ ሰብስቤ ለባንኬ አቤቱታ አስገባሁ። እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም አስመለስኩት። ትኬቱንም አገኘሁ። ጠዋት ጠዋት ኤርፖርት የማደርሰው አንድ ሽማግሌ ደንበኛ አለኝ፣ የዓመት ትኬት ያለው። ታሪኩን ስነግረው የራሱንና የባለቤቱን ሁለት ወንበር በመደበኛ ዋጋ ሰጠኝ። ቅዳሜ ልጁና እኔ ገባን። እስከ ዕረፍት ኦሃዮ 20 ለ17 ይመራ ነበር። ከዚያ የሚሽጋኑ ሯጭ ዶኖቫን ኤድዋርድስ እጁ እንደታሸገ አንዴ 75፣ አንዴ 85 ያርድ ሮጠብን። ሁለቱም ጊዜ መሃሉ ነው የተከፈተው። የእህቴ ልጅ ሩጫው ሳይጀመር ክፍተቱን አይቶ «አጎቴ፣ አለቀ» አለኝ። ኤድዋርድስ ዘንድሮም እዚያው ነው፣ ሰምተሻል?

ስለዚህ ስትገዪ «አሁኑኑ ይተላለፋል» የሚለውን ብቻ ግዢ። የወንበር ቁጥር የማያሳይ ከሆነ እለፊው። በክሬዲት ካርድ ክፈዪ፣ በዜል (ከባንክ ባንክ በስልክ በሚላከው) በፍጹም።

ሦስተኛ፣ የቀኑ ነገር። ቅዳሜ ኅዳር ጽዮን ነው። ጨዋታው ከቀኑ 6 ሰዓት ይጀምራል። ካስቀደስሽ በኋላ ለጨዋታው ትደርሻለሽ፣ ለስኩል ሴሽን ግን አትደርሺም። እሱ ሴንት ጆን አሪና ውስጥ የሚደረገው የማርሽ ባንዱ ልምምድ ነው። የስታዲየም ትኬት የሌለው ሰውም ይገባል። የትኬቱ ዋጋ ከከበደሽ ሌላ ዓመት ከልጅሽ ጋር እሱን እዪና ጨዋታውን ቤት እዪ። ስታዲየም ከገባሽ ግን ቀደም ብለሽ ተቀመጪ። የባንዱ መሪ ወደ ኋላ ይለጠጥና የባርኔጣው ላባ ሣሩን ይነካል። 100 ሺህ ሰው ባንዴ ሲጮህ እግርሽ ሥር ሲሚንቶው ይንቀጠቀጣል። የኔ ሰውነት እስካሁን ይነዝረዋል።

ጾመ ነቢያት ስለገባ ውጭ የሚጠበሰው ሁሉ አይሆንሽም። ምግብ ይዞ መግባትም አይፈቀድም፣ በልተሽ ሂጂ። ቦርሳ ግልጽ ፕላስቲክ ካልሆነ በር ላይ ይመልሱሻል። ጋቢ ያዢ። አግዳሚው በረዶ ነው፣ ጋቢውን ሁለት አጥፈሽ ተቀመጪበት፣ የቀረውን ጭንሽ ላይ ጣይ። ባለፈው ጎኔ የተቀመጡት ፈረንጆች የኔን አይተው «የት ይገዛል?» ብለውኛል። ነጠላሽ ችግር የለውም፣ ሰማያዊ ጃኬት ግን የሚሽጋን ቀለም ነውና ቤት ይቅር። በዚህ ሳምንት ግቢው ውስጥ ያለውን ኤም ፊደል ሁሉ፣ የሚሽጋን መጀመሪያ ስለሆነ፣ በቀይ ቴፕ ሲሰርዙት ታያለሽ፣ ቀልድ እንዳይመስልሽ።

መኪናሽን ይዘሽ ሌን አቬኑ አካባቢ ድርሽ አትበዪ። ሃይ ስትሪት ላይ 2 ቁጥር ኮታ (የከተማውን) አውቶብስ ያዢ። ሲያልቅ ደግሞ፣ ኦሃዮ ካሸነፈ ተማሪው ሜዳ ሊወርድ ይችላል፣ ልጅሽን አታገኚውም። ከአሁኑ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተቃጠሩ። ሚሽጋን ካሸነፈም ተቀምጠሽ ሕዝቡ ይቅለል። በ2022 መሃል ሜዳ ላይ ባንዲራ ተክለው ነበር፣ ዘንድሮ ያንን ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ትኬቱን ከመክፈልሽ በፊት የገጹን ፎቶ እዚሁ ለጥፊልኝ። እስከ ዓርብ ማታ እየገባሁ አያለሁ።