ሰው ሲሞላበት ኮረብታው ላይ የሚደክመው አቦሸማኔ

የምትንከባከበው ሮለር ኮስተር (ሰው ጭኖ በሐዲድ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጥ የመዝናኛ ባቡር) በአቦሸማኔ ቅርጽ የተሠራና ከመነሻው በሞተር በሚዞሩ ጎማዎች የሚወነጨፍ ነው። ጠዋት ባዶውን ስትሞክሩት የመጀመሪያውን ኮረብታ ያለ ችግር ያልፋል፤ ሰው ሲሞላበት ግን ጫፉ ጋ ሲደርስ አቅሙ ያልቅና ወደ ኋላ ይመለሳል። ከማስወንጨፊያው ሥር ጥቁር ዱቄት ተከማችቷል፤ ቀደም ሲልም ጥቂት ጎማዎች በአዲስ ተተክተዋል። «ኢንቨርተሩ ላይ ፍጥነቱን ልጨምርለት?» ብለህ የሞተሮቹን ፍጥነት ስለሚቆጣጠረው መሣሪያ ጠይቀሃል።

አትጨምር። የምጠረጥረው እነዚያን አዲስ ጎማዎች ነው።

የባቡሩ ኩሽኔታ ደርቆ ቢሆን ኖሮ ባዶውም ባቡር በተቸገረ ነበር፤ የተጫነ ባቡር አንዴ ፍጥነት ካገኘ በቀላሉ አይደክምም። የአንተ የሚሸነፈው ሲጫን ስለሆነ ጉድለቱ ከሚያስወነጭፈው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ታምፓ ከተማ እንደተከፈተው ቺታ ሀንት የተባለ ሮለር ኮስተር ሳይነካ በማግኔት ኃይል የሚገፋ ቢሆን ሌላ ነገር እጠረጥር ነበር። ጎማ ባለበት ግን መጀመሪያ የሚታየው ጎማ ነው።

ከመንካትህ በፊት ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፋ፤ የራስህን ጓጉንቸር አስገባበትና ቁልፉን ኪስህ ክተት። ኢንቨርተር ከጠፋም በኋላ ውስጡ ኮረንቲ ይዞ ይቆያል፤ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቅና በመለኪያ አረጋግጥ። ባቡሩም እንዳይንቀሳቀስ ታግዶ ይቁም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ጎማዎቹ ባቡሩን የሚገፉት ከሆዱ ሥር ያለውን የብረት ክንፍ ከግራና ከቀኝ ጨብጠው ነው። የጥንዱ ሞተሮች በደቂቃ እኩል ዙር ይዞራሉ። ዲያሜትሩ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አዲስ ጎማ በአንድ ዙር 157 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ተበልቶ 48 የደረሰው ግን 151 ገደማ ብቻ ነው። ክንፉ ደግሞ በአንድ ጊዜ በሁለት ፍጥነት ሊሄድ አይችልም። አለመጠናቸው በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች፣ ትልቁ ሲገፋ ትንሹ ይጎትታል፤ አንዱም መንሸራተቱ አይቀርም። ጥቁሩ ዱቄት የዚህ ትግል ውጤት ነው። ጭነት ሲጨምር መንሸራተቱም ይብሳል። የሚደረስበት ከፍታ ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚለዋወጥ ትንሽ ጉድለት ብዙ ያሳጣል፦ ሰበቃን ትተን ብናሰላ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የተወነጨፈ ባቡር 9.8 ሜትር ይወጣል፤ ፍጥነቱ 4 በመቶ ቢቀንስ ግን 9.1 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከ70 ሴንቲ ሜትር በላይ ማጣት ጫፍ ላይ ለመቅረት ይበቃል።

ስለዚህ ሁሉንም ጎማዎች በአምራቹ መመሪያ ልክ ነፋስ ሙላ፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ዙሪያ በሜትር ለካና በጠመኔ ጻፍበት። ገጹን በአውራ ጣትህ ዳብስ፤ ቫርኒሽ የተቀባ ይመስል ካብረቀረቀና ከጠነከረ መያዝ አቁሟል። የሞተሩን ማቀፊያም እይ፤ ትንሹ ጎማ ክንፉን እንዲነካ ብለው ሮንደላ ደራርበው ገፍተውት ይሆናል። ይህ ጥገና አይደለም፤ ጉድለትን መሸፈን ነው። መጠኑ ተቀራራቢ ነው ብሎ ርካሽ የጋሪ ጎማ መግጠምም ያናድደኛል፤ ጎኑ ለስላሳ ስለሆነ ሲጨመቅ ይተኛል፣ በየጊዜውም ከመነዳሪው ይቆረጣል።

መፍትሔው የማስወንጨፊያውን ጎማዎች በአምራቹ የዕቃ ቁጥር በሙሉ መቀየር ነው። ሮንደላዎቹን አውጣና የጭመቃውን ኃይል በመመሪያው ልክ አስተካክል። ክንፉ ላይ ግራሶ ተረጭቶ ከሆነ በአልኮል ጠርገው። ይህን ሁሉ ስትሠራ ጓጉንቸሩ በቦታው፣ ቁልፉም ኪስህ ውስጥ ይሁን፤ «አንድ ጊዜ ላዙረው» ለሚል የሥራ ባልደረባ አትስጥ።

ፍጥነት መጨመርን የከለከልኩህ መንሸራተቱን ስለሚያብስ ነው። በዚያ ላይ ጎማው መያዝ የጀመረ ቀን ባቡሩ ፍሬኑና ሐዲዱ ካልተሰሉለት ፍጥነት በላይ ይወጣል።

ሰው ማሳፈር እስኪስተካከል ይቁም። ስትጨርስ መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ ውኃ በተሞሉ የሙከራ አሻንጉሊቶች ጭነህ ሞክረው፤ የሁለቱን የመውጫ ፍጥነትና የእያንዳንዱን ሞተር አምፔር መዝግብ። ከጥንዱ አንዱ ብዙ ሌላው ትንሽ ከሳበ ቁጥሮቹን ላክልኝ።