በረዶው እስኪቀልጥ መቀመጥ አያዋጣም

ጥያቄ፦ እናቴ 72 ዓመታቸው ነው። አዲስ አበባ ሳሉ ማለዳ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው በእግራቸው ይመለሱ ነበር። ሚኒያፖሊስ ከመጡ ወዲህ ግን ብርዱ ከገባ ከሶፋ አይነሱም። «ወድቄ ከምሰበር ቤቴ ልቀመጥ» ይላሉ። አሁን አሁን እጃቸውን ሳይደገፉ መነሳት እያቃታቸው ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የእናትዎ ፍርሃት ተገቢ ነው፤ ሆኖም መቀመጡ የሚፈሩትን ያንኑ ነገር ያመጣባቸዋል። ወራት ሙሉ ያልሠራ ጭን ይከሳል፤ ጭኑ የከሳ ሰው ደግሞ እንቅፋት ሲመታው ራሱን መመለስ ያቅተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ለመውደቅ በረዶ አያስፈልገውም፤ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድም ይወድቃል። ሳይደገፉ መነሳት ማቃታቸውን ማስተዋልዎ ጥሩ ነው፤ ሥራውም የሚጀመረው ከዚያው ነው።

መጀመሪያ ያሉበትን ይለኩ። መደገፊያ እጅ የሌለው፣ ቁመቱ 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጠንካራ ወንበር ግድግዳ ያስደግፉ። እናትዎ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደሚነሱ ይቁጠሩ። ከ70 እስከ 74 ዓመት ላሉ ሴቶች ከ10 በታች ማነስ የእግር ድካም ምልክት ነው። በእጃቸው ከተደገፉ ውጤቱ ዜሮ ነው፤ ይህም ቢሆን አያስደነግጥ፣ መነሻ ነው።

ልምምዱም ያው መነሳትና መቀመጥ ነው። ለጊዜው ወንበሩ ላይ ደንደን ያለ ትራስ ጨምሩበት፤ መቀመጫው ከፍ ሲል መነሳቱ ይቀላል። ወደ ወንበሩ ጫፍ ይጠጉ፤ እግራቸውን በዳሌ ስፋት ከፍተው ተረከዛቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡ። አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ እስኪሆን ወደ ፊት አጎንብሰው፣ ትንፋሻቸውን እያወጡ ይነሱ። ሲቀመጡ እስከ ሦስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይውረዱ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ተነስቶ ሲያበቃ ዘፍ ይላል። ቀስ ብሎ መውረዱ ጭንን እኩል ያሠራል፤ አጥንቱ ለሳሳ ሰው ደግሞ ዘፍ ማለት አከርካሪን ሊሰብር ይችላል። 8 ጊዜ ሠርተው አንድ ደቂቃ ካረፉ በኋላ ሌላ 8 ይድገሙ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ሁለቱንም ዙር 12 ጊዜ ሳይቸገሩ መሥራት ሲችሉ ትራሱን ያንሱት። በማግስቱ የሚጠፋ የጭን መዛል አያሳስብም፤ ጉልበት ካበጠ ወይም ከወጋ ግን ያቁሙና ሐኪም ይየው።

ሚዛን ለመጠበቅ የኩሽናው ባንኮኒ አጠገብ ይቁሙ። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት አድርገው፣ ባንኮኒውን በጣታቸው ብቻ ነክተው 10 ሰከንድ ይቆዩ፤ ከዚያ እግር ይቀይሩ። ቀስ በቀስ ወደ 30 ሰከንድ ያድርሱት። በካልሲ ብቻ ጣውላ ወለል ላይ ግን አይሞከርም፤ ጎማ ሶል ያለው፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ። ነጠላውን አጣጥፈው ያስቀምጡ፤ ቀሚሱም የማይረገጥ ይሁን።

ለእግር ጉዞ ከተማችሁ የታደለ ነው። ብሉሚንግተን ያለው ሞል ኦፍ አሜሪካ ሱቆቹ ሳይከፈቱ ለተራማጆች በሩን ይከፍታል፤ አንዱን ፎቅ መዞር ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሕንፃዎችን ከሕንፃዎች የሚያገናኘው ሽፍን መተላለፊያ፣ የመሀል ከተማው ስካይዌይም አለ። በሳምንት 150 ደቂቃ ላይ መድረስ ነው ግቡ፤ በአሥር በአሥር ደቂቃ ቢከፋፈል ግድ የለም። ልኩን ለማወቅ፣ እየሄዱ ማውራት ይችላሉ፤ መዝሙር ልዘምር ቢሉ ግን ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

ውጪ መውጣት ግድ ሲሆን ረፋዱ ካለፈ በኋላ ይሁን፤ ቀን የቀለጠው በረዶ ሌሊት መስታወት ሆኖ ስለሚያድር ማለዳው ክፉ ነው። እጅ ከኪስ ወጥቶ፣ እርምጃ አጥሮ፣ መላው የእግር መዳፍ በአንድ ጊዜ እየተረገጠ ይኬዳል። ጫማ ላይ የሚጠለቀው ባለ ሹል ጎማ በበረዶ ላይ ጥሩ ነው። በር ላይ ግን መውለቅ አለበት፤ ሹሉ በሴራሚክ ወለል ላይ ያንሸራትታል። ከዘራ ከያዙ ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ይሁን።

ጥያቄ፦ 69 ዓመቴ ነው፤ ቶሮንቶ ነው የምኖረው፤ የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። በረዶ መዛቅ ስፖርቴ ነበር፤ ልጆቼ አካፋውን ደበቁብኝ። ተሳስተዋል?

መልስ፦ አልተሳሳቱም፤ አካፋውን አይፈልጉት። ብርድ የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። መዛቅ ደግሞ በአብዛኛው የክንድ ሥራ ነው፤ ክንድ ሲሠራ ልብ ከእግር ጉዞ ይልቅ ይጨነቃል። ከባዱን አካፋ ሲያነሱ ሳያውቁት ትንፋሽ ይይዛሉ፤ ያን ጊዜ ግፊቱ ይዘላል። ሁሉም በአንድ ጠዋት፣ ገና ባልሞቀ ሰውነት ላይ ይደርሳል። የልብ ሕመም ያለበት ወይም ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) የገባለት ሰው ጨርሶ አይዛቅ።

እርስዎ ሐኪምዎ ከፈቀደልዎ፣ በረዶው ገና ስስና ደረቅ ሳለ፣ ቤት ውስጥ አምስት ደቂቃ ተራምደው ይውጡ። አያንሱ፣ ይግፉ። በየ10 ደቂቃው ገብተው ይረፉ። ደረት ከተጫነዎ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀዎ አካፋውን ጥለው 911 ይደውሉ። ጨው መበተን ግን የእርስዎ ሥራ ይሁን፤ ቀላል ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴልሺየስን ሲያልፍ የተራው ጨው አቅም ስለሚደክም፣ ያን ቀን አሸዋ ይበትኑ።

አንድ ነገር እናክል። መድኃኒትዎ እንደ አቴኖሎል ወይም ሜቶፕሮሎል ያለ ከሆነ የልብ ምትዎን ዝግ ስለሚያደርገው፣ የእጅ ሰዓቱ የሚያሳየውን ቁጥር አይመኑ። ከላይ የጠቀስነው የማውራትና የመዘመር መለኪያ ይሻልዎታል።

ጥያቄ፦ 66 ዓመቴ ነው፤ ስቶክሆልም እኖራለሁ፤ ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ። በገና ጾም እስከ 9 ሰዓት ሳልቀምስ እቆያለሁ። ቀደም ብዬ ስራመድ ያንቀጠቅጠኛል። ብርዱ ነው ወይስ ስኳሩ?

መልስ፦ በስሜት ብቻ መለየት አይቻልም፤ ሁለቱም ያንቀጠቅጣሉ። በብርድ ላይ ሆነው ካላበዎት፣ ግራ ከተጋቡ ወይም ልብዎ በኃይል ከመታ ስኳር መውረዱን ይጠርጥሩ፤ ወዲያው ይለኩ። በሊትር ከ3.9 ሚሊሞል በታች ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም በሾርባ ማንኪያ አንድ ስኳር በውኃ ይውሰዱ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይድገሙት እንደሆነ ለመወሰን እንደገና ይለኩ። መለኪያ ከሌለዎት ሳይጠራጠሩ ይውሰዱ። መለኪያውንና ኢንሱሊኑን ከሰውነት በተጠጋ የውስጥ ኪስ ይያዙ፤ መለኪያው በብርድ ይሳሳታል፣ ኢንሱሊን ደግሞ አንዴ በረዶ ከሆነ ተበላሽቷል።

እየጾሙ የኢንሱሊኑን መጠን በራስዎ አይቀንሱ፤ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ፤ ለንስሐ አባትዎም ሕመምዎን ይንገሩ። ጉዞውን ከተመገቡ አንድ ሰዓት ያህል በኋላ ያድርጉት። በታኅሣሥ ግን ስቶክሆልም ላይ 9 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ስለምትጠልቅ፣ ያን ጊዜ በጨለማ ነው የሚሄዱት። ጥቁር ካፖርት የለበሰን ሰው ሾፌር የሚያየው ከ30 ሜትር ገደማ ነው፤ አንጸባራቂ የተንጠለጠለበትን ግን ከ100 ሜትር በላይ። ሁለት ገዝተው አንዱን ከጉልበት በታች፣ ሌላውን መንገዱ ባለበት በኩል ክንድዎ ላይ ያድርጉ።