ጎጃምን በጀልባ ለማየት ለምታስቡ

እንግሊዝና ሆላንድ ያላችሁ ወዳጆቼ እረፍት ስትወጡ የቦይ ጀልባ ተከራይታችሁ በገጠሩ መሀል ስትንሸራሸሩ ፎቶ ትልኩልኛላችሁ። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፤ «ጎጃም ላይስ፣ በዓባይ፣ እንዲህ መሄድ አይቻልም?» እኔም እንደ እናንተው ብዙ ዘመኔን በሰው አገር የኖርኩ ሰው ነኝ። አገር ቤት ስገባ ግን ጣና ላይ ሳልወጣ አልመለስም። የማውቀውን ልንገራችሁ።

ዓባይ የጀልባ መንገድ አይደለም። ከባሕር ዳር ወጣ እንዳለ ድንጋይ ይበዛበታል። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ጢስ ዓባይ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ ወዲያ ገደል ለገደል ነው የሚጓዘው። ቦይም አለን፣ ግን የመስኖ ነው። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። በበጋ በዳርቻው በእግር መሄድ ደስ ይላል፤ ጀልባ ግን አይሄድበትም።

ስለዚህ የጎጃም የውኃ መንገድ ጣና ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ምክሬም አንድ ነው፤ አትቸኩሉ። ብዙ ሰው ጠዋት ተሳፍሮ ዘጌ አንድ ገዳም ያያል፣ ከሰዓት ጢስ ዓባይ ይሮጣል፣ ማታ አውሮፕላን ላይ ነው። ያሳዝነኛል። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ መጥቶ ከሰው ጋር ቡና ሳይጠጣ ይመለሳል።

ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ባሕር ዳር ያለ ዘመድ ይደወልለት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ ግጭት ውስጥ ነው የከረመው፤ ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። «አሁን ጊዜው አይደለም» ካሏችሁ አትከራከሩ። ጣና የትም አይሄድም።

መውጣት ሲቻል በጠዋት ውጡ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውኃው ጸጥ ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ጀልባውም መዝለል ይጀምራል፤ እናትና አባት ይዛችሁ ከሆነ ይጨነቃሉ። ኮንትራት ስትይዙ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ጨርሱ። የት የት እንደሚቆም፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁም ተነጋገሩ። ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ለፎቶ ብላችሁ ነጂውን «ጠጋ በል» አትበሉት። መዋኘትም ይቅርባችሁ፣ ሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዝያ አለ።

ዘጌ ላይ ሙሉ ቀን ስጡ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይታችሁ ወዲያው ወደ ጀልባ አትመለሱ፤ በጫካው ውስጥ ለውስጥ በእግር ሂዱ። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። እንደ አባቶች ትውፊት ቡናውና ጌሾው የበቀሉት ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ነው። በገዳሙ ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስ ስላልተፈቀደ ጫካው እስከ ዛሬ ቆይቷል። ቡና መግዛት ከፈለጋችሁ ከገበሬው ደጅ ግዙ፣ እዚያው ተቆልቶ ይጠጣ።

ዳርቻው ላይ ታንኳ ታያላችሁ። የደረቀ ደንገል በነዶ በነዶ እየታሰረ ነው የሚሠራው። ሚስማር የለው፣ ቀለም የለው። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወደ ላይ ተስቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲያረጅ ሌላ ይታሰራል። በዚህ ነው እንጨትና ቡና ሲመላለስ የኖረው። ሠሪውን ጠይቁት፣ ልጆቻችሁም ይንኩት። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ግን ፈቃድ።

ስለ ገዳማቱ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ይህን ሳይነግሯቸው እናታቸውን እስከ ወደቡ ወስደው ጀልባ ውስጥ የሚያስቀምጡ ልጆች አሉ። እናት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጧፏን ይዛ፣ ለመሳለም ተዘጋጅታ! ከሴቶች ጋር ከሆናችሁ ዘጌን፣ ደብረ ማርያምንና ናርጋ ሥላሴን ምረጡ። ጧፍና ዕጣን ከባሕር ዳር ገበያ ያዙ፤ አባቶች ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም።

ናርጋ ሥላሴ ሐይቁ ውስጥ ባለው ደቅ ደሴት ላይ ነው። ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን። ከሥዕሎቹ አንዱ ላይ እቴጌይቱ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ ሳታዩ እንዳትወጡ። ደቅ ሩቅ ስለሆነ ከቻላችሁ እደሩበት። ባሕር ዳርን፣ ዘጌን፣ ደቅንና ቁንዝላን እየነካ ጎርጎራ ድረስ ለረጅም ዘመን ሲመላለስ የኖረ የሕዝብ መርከብ አለ። እየሠራ መሆኑን ወደቡ ላይ ጠይቁና ከተገኘ በእሱ ሂዱ። ዝግ ይላል፣ ግን ዶሮና ጆንያ ከያዘ ሰው ጋር ተቀምጣችሁ ስታወሩ ነው አገሩን የምታውቁት። ደቅ ላይ ሆቴል አትጠብቁ። አጎበር፣ ባትሪና የሚጠጣ ውኃ ያዙ፤ ማረፊያውንም በምታውቁት ሰው በኩል አስቀድማችሁ አስነግሩ።