ድንጋይ የመታው ባትሪ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አምና ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ባለፈው ሳምንት ወደ ገጠር ስወጣ ኮረኮንች ላይ ስሩን ድንጋይ መታብኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም አልሆነም፤ ዳሽቦርዱም ላይ መብራት አልበራም። የሰፈራችን መካኒክ «ቢጎዳ ኖሮ መኪናው ራሱ ይነግርህ ነበር፤ የጎደጎደውን በመዶሻ አቀናልሃለሁ» አለኝ። ቻርጅ የማደርገው ማታ፣ ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ አጠገብ ነው። እንቅልፍ አጣሁ። ምን ይሉኛል?
ከደጀን

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያን መዶሻ አርቅልኝ። ከላሜራው በላይ ባትሪውን የሚሠሩት ሴሎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን የሚለያይ፣ ከፀጉር የቀጠነ ፕላስቲክ አለ። እሱ ከተጨፈለቀ ሴሉ ውስጥ ለውስጥ ይገናኛል፣ ይግላል፣ ጎረቤቱንም ያግላል። ዛሬ ላይሆን ይችላል፤ ሳምንት ቆይቶም ይመጣል። ዳሽቦርዱ የሚያየው ቮልትና ሙቀት ነው፤ ጉድጓዱን አያይም። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣችው የባትሪ ደኅንነት ደንብ ላይ ባትሪውን ከስር እየመቱ መፈተንን የጨመረችው ለዚሁ ነው።

ባለፈው ክረምት ማርቆስ ጋራዣችን አንዲት መኪና መጣች። የስሯ ጉድጓድ የሲኒ ቂጥ አታክልም። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ንቄው ነበር። ለማንኛውም ብዬ ግቢው መሀል አቆምኳትና በየጠዋቱ ኮምፒውተር ሰክቼ የሴሎቹን ቮልት አነበብኩ። ሌሎቹ ከ3.30 ንቅንቅ አይሉም። አንዱ ግን በየቀኑ ይወርዳል፤ በአምስተኛው ቀን 3.21 ደረሰ። ማንም ሳይጠቀምበት የሚወርድ ሴል ውስጡ እየተገናኘ ነው። ባትሪው ሲከፈት ያ ሴል ልክ ከጉድጓዱ በላይ ተገኘ።

አንተም ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከቤቱም ከድርቆሹም አርቀህ ደጅ አቁማት። እስክትታይ ቻርጅ እንዳታደርግ፤ የሞላ ባትሪ ሲነድ ይብሳል። ዓባይ በረሃንም እንዳትወርድ፤ ቁልቁለቱ ራሱ ቻርጅ ያደርጋል። የኤሌክትሪክ መኪና የሚያውቅ ሰው ጋ አስጭነህ ውሰዳት። ጉድጓዱ ላይ ማስመሪያ አጋድሞ ጥልቀቱን ይለካ፣ የሴሎቹንም ቮልት ለጥቂት ቀናት ይከታተል። ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ካለ የኛ ክረምት ውሃ ያስገባበታልና ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናው አካል እንዳያመልጥ የሚከላከለውን ኢንሱሌሽኑንም ይለካ። ዓለም አቀፉ ደንብ ለአንድ ቮልት ቢያንስ 100 ኦም ይላል፤ ባለ 400 ቮልት ባትሪ ከ40,000 ኦም በታች ካሳየ አደጋ ነው። ከፍተኛ ቮልት የሚሸከሙትን ብርቱካናማ ገመዶች አንተ እንዳትነካ።

ሻጩ «ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው፣ አይነድም» ብሎህ ይሆናል። ኒኬል ካለበት የባትሪ ዓይነት ይልቅ ሙቀት ይችላል፣ እውነት ነው። አይነድም የሚለው ግን ውሸት ነው፤ የሚተፋው ጋዝ ራሱ ይነዳል። ከስር ፉጨት ከሰማህ ወይም ነጭ ጭስ ካየህ እንፋሎት ነው ብለህ እንዳትቀርብ፤ መርዝ ነው። ጠፋ ሲሉትም ከሰዓታት በኋላ መልሶ ሊነሳ ይችላል።

የስሩን ፎቶ ላክልኝ። ልኩ እንዲታየኝ ከጉድጓዱ አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም ያዝበት።