አራተኛ የወጣው ጠበቃ

ልጆች፣ ባለፈው ሳምንት ቢሯችን ያለ አንድ ተለማማጅ ጠበቃ «ጋሼ፣ ከሥራ ውጪ ሌላ ነገር መሞከር ጊዜ ማባከን አይሆንም?» አለኝ። የጆርጅ ስቱዋርት ሮበርትሰንን ታሪክ ነገርኩት።

ሰውዬው እንግሊዛዊ ነው፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ በፈረንጆቹ 1872 ተወለደ። ኦክስፎርድ ገብቶ ጥንታዊ ግሪክኛ ያጠናል፣ ጎን ለጎን መዶሻ ይወረውራል። በ1896 አቴንስ ላይ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ ተነስቶ ሄደ። ለካ መዶሻ ውርወራ በውድድሩ የለም! ምን ያድርግ? ዲስከስ ውርወራ ገባ፤ ክብ ጠፍጣፋ፣ ሳህን መሰል ነገር የሚወረወርበት።

ዲስከስ ያኔ ለእንግሊዝም ለአሜሪካም እንግዳ ነበር። ያሸነፈው አሜሪካዊ ሮበርት ጋሬት እንኳ አገሩ በግምት ያሠራው ዲስከስ 14 ኪሎ ገደማ ሆኖበት ተስፋ ቆርጦ ነበር ይባላል። አቴንስ ደርሶ ትክክለኛውን ሲያነሳው 2 ኪሎ! 29.15 ሜትር ወረወረው። የኛ ሰው 25.20። አራተኛ።

ቴኒስም ሞከረ፤ እሱም ብዙ አልሄደለትም። በመዝጊያው ዕለት ግን ራሱ በጥንታዊ ግሪክኛ የገጠመውን ግጥም ይዞ የግሪኩ ንጉሥ ፊት ቆመ። በኛ አባባል ቅኔ ዘረፈ።

እንዲህ ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅር ብሎ የሚጫወተውን «አማተር» ይሉታል። ቃሏን ግን አታሞካሿት። በ1860ዎቹ የለንደኑ አማተር የአትሌቲክስ ክለብ የእጅ ባለሙያና የቀን ሠራተኛ አይቀበልም ነበር። ክልከላው የቀረው በ1880 አዲሱ የአማተር አትሌቲክስ ማኅበር ሲመሠረት ነው። ለፍቅር ብሎ መጫወትም የሚፈቀደው ለአንዳንዱ ብቻ ነበር ማለት ነው። ይሄ ያናድደኛል።

ሮበርትሰን ኋላ ጠበቃ ሆነ፣ «ሰር» ተባለ፣ 94 ዓመት ኖረ።

እናንተም ከሥራችሁ ውጪ አራተኛ የምትወጡበት አንድ ነገር ይኑራችሁ። ደንበኛ የማይጠብቃችሁ፣ አለቃ የማይገመግማችሁ። እኔ ጥብቅና ስጀምር ክራሬን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። «ይሄ መዝገብ ይዘጋና» እያልኩ 31 ዓመት ሄደ። መዝገብ መቼ አልቆ ያውቃል?

እሑድ አወረድኩት። ከስድስቱ ክሮች ሁለቱ ተበጥሰዋል፤ አቧራው ጣት ያስጽፋል። አዲስ ክር ገዝቼ ትዝታን ልቃኝ ስታገል አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ። የልጅ ልጄ ጆሮዋን ይዛ «አባባ፣ እንዲህ ነው እንዴ የሚጮኸው?» አለች። የጣቴ ጫፍ ተልጧል። ዛሬ ማታ ደግሞ እሞክራለሁ።