ማስታወሻዬን ያነበበ ሁሉ ይደውልልኛል

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ወር ይህን ማስታወሻ ለሁሉም ክፍሎች በተንኩ፦ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ የሠራተኞች የዓመት ፈቃድ አጠቃቀም ሥርዓት ባለው መንገድ ይመራ ዘንድ የፈቃድ ዕቅድ ተዘጋጅቶ በወቅቱ እንዲቀርብ በጥብቅ እናሳስባለን።» ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ማን ነው የሚያዘጋጀው? እስከ መቼ? አሳጥሬ ብጽፈው ደግሞ ኃላፊዬ «ደረቀ፤ አክብሮት ይጎድለዋል» ብለው መለሱልኝ። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ደዋዮቹ ጥፋት የለባቸውም። ማስታወሻዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ በግልጽ የተረዳሁት «በጥብቅ» የሚለውን ብቻ ነው። «ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለውማ ሙከራው አለመሳካቱን ራሱ ያምናል።

በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንባቢው የዓረፍተ ነገሩን ሸክም ተሸክሞ እስከ አራት ነጥቡ ይጓዛል፤ እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው «ተዘጋጅቶ እንዲቀርብ» ነው። ማን አዘጋጅቶ? ለማን ይቅረብ? «ይደረግ»፣ «ይፈጸም»፣ «ይቅረብ» ለጸሐፊ ምቹ መደበቂያዎች ናቸው፤ ማንንም ስለማያዝዙ ማንንም አያስቀይሙም፣ ሥራውም እዚያው ይቀራል። «በወቅቱ»ም ቢሆን ቀን አይደለም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «የየክፍሉ ኃላፊዎች የሠራተኞቻቸውን የዓመት ፈቃድ ዕቅድ እስከ ወሩ 25ኛ ቀን ድረስ ለሰው ኃይል ክፍል እንዲልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ዕቅዱን የምንፈልገው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ፈቃድ ወጥቶ ሥራ እንዳይቆም ነው።»

የኃላፊዎ ስጋት ተገቢ ነው፤ የተቆራረጠ ትእዛዝ ያስቀይማል። ነገር ግን የአማርኛ አክብሮት ያለው ግሱ ውስጥ ነው፤ «ላክ» እና «ይላኩ» የሚለያዩት በርዝመት አይደለም። ማስረጃ ከጠየቁዎትም፣ አይኤስኦ የተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የግልጽ ቋንቋ መስፈርት አውጥቷል፤ የሚጠይቀውም አንባቢ የሚያስፈልገውን በቀላሉ እንዲያገኝ፣ እንዲረዳና እንዲጠቀምበት ነው።

የሚቀጥለውን ማስታወሻ ከመበተንዎ በፊት ከሌላ ክፍል ላለ ሰው ያስነብቡት። «ገባህ?» ብለው ግን አይጠይቁት፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «አሁን ምን ልታደርግ ነው?» ይበሉት። ከኃላፊዎ ጋርም ክርክር አይግጠሙ፤ በአሮጌውና በአዲሱ ማስታወሻ ስንት ሰው እንደደወለ ቆጥረው ይግቡ።